አፈሙዙ ወደ ምድር

የካቲት በደብረ ታቦር ሁለት ፊት አለው። ረፋዱ ላይ ፀሐዩ ጀርባ ያሞቃል፤ ንጋቱ ግን ከጉና በሚወርደው ብርድ ጆሮ ይቆርጣል፣ ሣሩም በአመዳይ ነጥቶ ያድራል። በ1975 ዓ.ም. የካቲት፣ አንድ ሐሙስ ጧት፣ ወርቁ የሚባል ወጣት በትምህርት ቤቱ የሰልፍ ሜዳ ከባንዲራው እንጨት ሥር ተደፍቶ ተገኘ። ከወገቡ በላይ የለበሰው ሸሚዝ ብቻ ነበር።

የመቶ አለቃ ጓንጉል ከቁስሉ ይልቅ ሸሚዙ ላይ ዓይኑን ጣለ።

"እሸቴ፣ አንተ ዛሬ ምን ምን ደርበሃል?"

"ካፖርቴን፣ ሹራቤን፣ ከሥር ደግሞ የሚስቴን..." አሥር አለቃ እሸቴ አፉን ያዘ። "ብቻ ደርቤያለሁ፣ ጌታዬ።"

"ታዲያ ይኼ ልጅ በዚህ ብርድ በሸሚዝ ምን ሊሠራ ወጣ?"

እሸቴ ትከሻውን ነቀነቀ። ጓንጉል ተቀምጦ ሬሳውን መረመረ። የተመታው አናቱን ነው፤ በከባድ ነገር፣ አንድ ጊዜ። የሱሪው ሁለት ጉልበቶች ርሰው ሣር ለጥፈዋል። ሬሳውን ገልበጥ ሲያደርጉት ከሥሩ ያለው ሣርም ርሷል። አመዳዩ ከወረደ በኋላ ወድቆ በገላው ሙቀት አቅልጦታል ማለት ነው። ስለዚህ የሞተው ማታ አይደለም፣ ንጋት ላይ ነው። ከመሞቱም በፊት ተንበርክኮ ነበር።

ያገኙት የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አያ ጌጡ ናቸው። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ራቅ ብለው ቆመዋል።

"ቸርኬውን ልመታ ስወጣ አየሁት" አሉ። "ሰክሮ የተኛ መስሎኝ ነበር።"

"ሌላ ሰው አላዩም?"

"በዚህ ሜዳ በየካቲት ንጋት ማን ይመጣል፣ ልጄ? የሚመጣውን አንተም ታውቃለህ።"

ጓንጉል ያውቃል። ከተማው በሙሉ ያውቃል፣ ጮክ ብሎ የሚናገር ግን የለም። ከአምስት ዓመት በፊት፣ በዚያ በቀይ ሽብር ዓመት፣ ትምህርት ቤቱ የካዴት ቡድን ነበረው። ካኪ ለብሰው፣ ክንዳቸው ላይ ዓርማ ሰፍተው በየጧቱ እዚህ ሜዳ ላይ የሚሰለፉ ልጆች ነበሩ። በየካቲት አንድ ሌሊት ተለቅመው ተወሰዱ፣ ሬሳቸውም ለዘመድ አልተሰጠም። ልቅሶ ተከለከለ። ከገጠር ልቅሶ ብሎ የሚመጣውን ሰው ከከተማው መግቢያ እንዲመልሱ ፖሊሶች ታዘው ነበር፤ ከነዚያ ፖሊሶች አንዱ ያኔ አሥር አለቃ የነበረው ጓንጉል ነው። ከዚያ ወዲህ ውሃ የሚቀዱ ሴቶች በየካቲት ንጋት ካኪ የለበሰ ልጅ ባንዲራው ሥር ቆሞ አየን ይላሉ፤ አማትበው መንገድ ይቀይራሉ። ጓንጉል ሲሰማ ይስቃል። እሱም ግን በየካቲት በዚያ በኩል አያልፍም።

አያ ጌጡ ቸርኬውን ሊመቱ ሄዱ። ተንጠልጥሎ እንደ ደወል የሚያገለግለው ያ የመኪና ቸርኬ ዛሬ የታፈነ፣ የደነዘዘ ድምፅ አሰማ። ተማሪው በር ላይ ተከማችቶ አንገቱን ያሰግጋል።

እሸቴ የሟቹን የቀኝ እጅ ጣቶች አንድ በአንድ ፈልቅቆ ከፈተ። ከመዳፉ ውስጥ ጋሻ ቅርጽ ያለው ጨርቅ ወጣ። ዳር ዳሩ ተበጥሷል።

"የካዴቶቹ ዓርማ!" አለና እሸቴ እሳት እንደነካ ሰው ወደ ጓንጉል ወረወረው።

ይህን ጊዜ ከአዲስ አበባ ከመጣ ዓመት ያልሞላው ካድሬ፣ ጓድ ሞላ፣ ከላንድሮቨሩ ወርዶ ደረሰ። ዓርማውን ከጓንጉል እጅ ነጥቆ ወደ ብርሃን ዘረጋው። በጋሻው አናት ላይ ድሮ ዘውድ ተጠልፎ ነበር። አብዮቱ ሲመጣ ፍቱት ተብሎ ክሩ ወጥቷል፤ የመርፌው ቀዳዳ ግን የዘውድ ቅርጽ እንደያዘ ቀርቷል።

"ዘውድ!" አለ ጓድ ሞላ። "ይህን ዓርማ ያወጣው ማነው?"

መልስ አላስፈለገም። የታሪክ መምህሩ ማሩ ዓርማውን ያወጣ፣ ካዴቶቹንም ሰልፍ ያስተማረ መሆኑን ድፍን አገር ያውቃል። ረቡዕ ማታ ደግሞ በመምህራን ክበብ ወርቁ ላይ ሲጮህ ሰው ሁሉ ሰምቶታል። ወርቁ ዛሬ የትምህርት ቤቱ ወጣቶች ማኅበር ኃላፊ ይሁን እንጂ ያኔ ካዴት ነበር፤ ከሁሉም እሱ ብቻ በሕይወት ለምን እንደተረፈ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም።

"ማሩን ያዙት" አለ ጓድ ሞላ። "ቅዳሜ ወደ ጎንደር የሚሄድ መኪና አለ።"

በዚያ መኪና ሄዶ የተመለሰ ሰው ጓንጉል አያውቅም።

"የሞተው ንጋት ላይ ነው፣ ጓድ። ጠቡ ማታ ነው። ትንሽ ብንመረምር..."

"እስከ ቅዳሜ መርምር። ሌላ ካላመጣህ ይሄዳል።"

* * *

መምህር ማሩ የጣቢያው አግዳሚ ላይ እንኳ በሰልፍ ላይ እንዳለ ቀጥ ብሎ ነው የተቀመጠው። ቀጭን ሰው ነው፣ ጸጉሩ ያለ ዕድሜው ሸብቷል።

"ንጋት ላይ የት ነበሩ፣ መምህር?"

"ቤቴ።"

"ከማን ጋር?"

"ብቻዬን ነኝ፤ ያውቁታል።"

"እንግዲያው ስለ ዓርማው ያስረዱኝ።"

ማሩ ጥያቄው ያልጠበቀው ሆነበት። ቀስ በቀስ ግን የመምህርነት ድምፁ ተመለሰለት።

"ጋሻው መከታ ነው። ለወገን እንጂ ለራስ አይያዝም። በግራና በቀኝ ያለው የገብስ ዛላ ያሳደገን እህል ነው። ከሥር ያለው ተራራ ጉና ነው፤ ዝናቡም ብርዱም ከሱ ነው የሚመጣው። መሐል ላይ ያለው መድፍ የጋፋት ነው። እዚህ አጠገባችን መድፍ ተሠርቶ እንደነበር ልጆቹ እንዳይረሱ ብዬ ነው።"

"አፈሙዙስ?"

"ወደ ሰማይ። የመጀመሪያ ቀን የማስተምራቸው እሱን ነበር። የእኛ መድፍ ሰው ላይ አያነጣጥርም እላቸው ነበር።" ትንሽ ፈገግ አለ። "ይስቁብኛል። መምህር፣ ታዲያ ወፍ ሊመታበት ነው ይሉኛል።"

ጓንጉል ዓርማውን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ፈገግታው ከማሩ ፊት ጠፋ። የመድፉ አፈሙዝ ወደ ታች ነው። አሮጌው ጥልፍ ተፈትቶ መድፉ በአዲስ ቢጫ ክር ተዘቅዝቆ ተሰፍቷል።

"እኔ እንዲህ አላደረግሁም" አለ ማሩ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የዓርማውን ዳር አየ። ጨርቁን ከክንድ ጋር ያያያዘው ክር የሱቅ ክር አይደለም፤ ጥቁር የበግ ጠጉር ነው፣ በእጅ የተፈተለ። ማሩ ዓይኑን ሰበረ።

"ይህን ስፌት ያውቁታል" አለ ጓንጉል።

"አላውቀውም።"

"መምህር፣ ቅዳሜ መኪና አለ።"

"ሰምቻለሁ" አለና ማሩ አፉን ገጠመ። ዝም አይነቅዝም ይላል ያገሬ ሰው፤ ማሩ ግን ዝም ሲል ፊቱ ላይ የነበረው ፍርሃት አልነበረም። ጓንጉልን የከነከነው ይኸው ነው።

ኮሪደሩ ላይ ጓድ ሞላ የራሱን ትርጓሜ ይዞ ጠበቀው።

"አየህልኝ፣ ጓድ መቶ አለቃ? አፈሙዙ ወደ ታች ነው። ታች ያለው ማነው? ሰፊው ሕዝብ! ሰፊው ሕዝብ ላይ ያነጣጠረ መድፍ ነው።"

"ታች ያለው ጉና ነው፣ ጓድ" አለ እሸቴ።

"ጉና ላይስ ሰፊ ሕዝብ የለም?"



* * *

ወርቁ የተከራየበት ቤት አከራይ ዓለሚቱ ትባላለች፤ ጠላ ትነግዳለች። ዓይኗ አብጧል። ማልቀስዋን ሰው እንዳያይባት ግን ጓሮ ገብታ ጌሾ ስትወቅጥ አገኟት።

"ጥሩ ልጅ ነበር ልበል እንዴ?" አለች። "የሰው ስም ጠርቶ ያስፈጀ ልጅ ነው ይሉታል። የሐሙሲት ልጅ ነው፣ ዘመድ እዚህ የለውም። እኔ ግን አብሬው ስለኖርኩ አውቀዋለሁ። ሌሊት እየጮኸ ይነሳል። 'ተገርፌ ነው! ተገርፌ ነው!' ይላል በእንቅልፍ ልቡ።"

"ሰሞኑን ምን ያደርግ ነበር?"

"የካቲት በገባ ቁጥር ጎህ ሳይቀድ በጓሮ በር ይወጣል። በዘንቢል አንድ ነገር ይዞ። ሲመለስ ዓይኑ በርበሬ መስሎ ነው። ሴት ይዟል ብዬ ነበር። ያቺ የሹፌሩ ሚስት፣ ከላይ ሠፈር ያለችው፣ ትስቅለት ነበር።"

እሸቴ ጆሮው ቆመ። ቀናተኛ ባል ለመርማሪ ሲሳይ ነው። ከሰዓት በኋላ ሹፌሩን ፍለጋ ሲባዝን ዋለ፤ አመሻሹ ላይ ላብ በላብ ሆኖ ተመለሰ።

"ሹፌሩ ከማክሰኞ ጀምሮ ሐሙሲት ነው፣ ጌታዬ። መኪናው ካምቢዮው ተሰብሮ ገበያው መሐል ቆሟል። እህል የጫኑት ሰዎች ከበው ሲሰድቡት ነው ያደረው፤ ምስክሩ ብዙ ነው። ሴትየዋም ለሁሉም ነው የምትስቀው። ለኔም ስቃልኛለች።"

ጓንጉል ግን የሚፈልገውን ከወርቁ ክፍል አግኝቶ ነበር። ወርቁ የሰልፍ መፈክር የሚያዘጋጅበት ቀይ ጨርቅ ግድግዳው ሥር ተጠቅልሏል፣ የመፈክሩን ፊደል የሚጠልፍበት ቢጫ ክር አልጋው ራስጌ ላይ አለ፣ ክሩ ላይ መርፌ ተሰክቷል። ክሩን ከዓርማው ጋር አስተያየው። መድፉ የተሰፋበት ቢጫ ክር ያው እሱ ነው።

መድፉን የዘቀዘቀው ገዳይ አይደለም። ሟቹ ራሱ ነው።

ጓንጉል የሟቹ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አንድ ሰው በየንጋቱ አሮጌ የካዴት ኮት በዘንቢል ይዞ ይወጣል፤ ሜዳው ላይ ይለብሰዋል። ሴቶቹ ያዩት መንፈስ ይኸው ነበር። የገደለው ሰው ደግሞ ኮቱን ገፎ ወሰደ፤ ዓርማው ብቻ ሟቹ ጨብጦት ቀረ። ግን ለምን ይለብሰዋል? ያስፈጃቸውን ልጆች ልብስ ለብሶ ሜዳቸው ላይ የሚቆም ሰው ምን ይፈልጋል?

* * *

ዓርብ ጧት እንደገና ማሩን አስጠራው። በሩን ዘጋ።

"ረቡዕ ማታ ወርቁ ምን ብሎዎት ነው የጮኹበት?"

"ዓርማው ላይ አፈሙዙ ቢዘቀዘቅ ትርጉሙ ምን ይሆናል ብሎ ጠየቀኝ።"

"እና?"

"ሰው ፊት! ወጥመድ መሰለኝ። ስለዚያ ዓርማ እንድናገርና እንዲይዙኝ የፈለገ መሰለኝ። አንተ ይህን ዓርማ የመንካት መብት የለህም ብዬ ጮኽኩበት።" ድምፁ ወረደ። "አንድ ነገር ሊለኝ ነበር። ከንፈሩ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ፈራሁና አባረርኩት።"

ጓንጉል ዓርማውን ደጋግሞ አየ። ድንገት የጉና ብርድ ፊቱን የመታው መሰለው። ልጅ ሳለ ነው፤ አባቱ ሞተው ልቅሶው ሜዳ ላይ ነው። የአባቱ ልብስና ጋሻ ተዘርግቷል። አጎቱ የአባቱን ጠመንጃ ይዞ አልቃሹን ይዞራል፤ ጠመንጃው ግን እንደ ወትሮው አይደለም፣ አፈሙዙ ወደ ምድር ተዘቅዝቋል። ልጁ ጓንጉል 'ለምን ዘቀዘቀው?' ብሎ ሲጠይቅ እናቱ 'ባለቤቱ ሞቷላ!' ብላው ነበር።

"እያለቀሰላቸው ነበር" አለ ጓንጉል። ለራሱ ነው የተናገረው።

"ምን አሉ?"

"ወርቁ። ልቅሶ ተከልክሏል፣ የሞተው ልጅ ጠመንጃ የለውም፤ ዓርማው ላይ ያለውን መድፍ ዘቀዘቀው። እንዳለቀሰ ሰው እንዲቆጠርለት ነው የጠየቀዎት።"

ማሩ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ጓንጉል እስኪረጋጋ ድረስ መስኮት መስኮቱን ሲያይ ቆየ። ጉዳዩ እሳት እንደወለደች ላም ሆኖበታል፤ እንዳትልሰው ይፈጃታል፣ እንዳትተወው ልጇ ነው። ማሩን ለማዳን የሆነ ሌላ ሰው መስጠት አለበት።

"ኮቱ የማን እንደነበረ ያውቃሉ" አለ። "ዳሩ በበግ ጠጉር ክር ነው የተሰፋው። እንዲህ የሚሰፉት ላይ፣ ጉና ላይ ናቸው፤ እኔም የዚያው ነኝ። ከካዴቶቹ ከጉና የመጣው ማን ነበር?"

"ሙላቴ" አለ ማሩ በሹክሹክታ። "የወርቁ ጓደኛ ነበር። አንድ ክፍል ይኖሩ ነበር፤ ኮቱ እዚያው ቀርቶ ይሆናል። እናቱ ፈንታነሽ ዓርማውን ራሷ ነበር የሰፋችለት።"

"አባቱስ?"

ማሩ ፊቱን አዞረ።

"መምህር፣ አባቱ በሕይወት አለ?"

"ከነዚያ ልጆች አንዱን እንኳ አላዳንኩም፣ የመቶ አለቃ" አለ ማሩ። "ሰልፍ አስተማርኳቸው፣ ሲወስዷቸውም በሰልፍ ሄዱ። አሁን ደግሞ የአንዱን አባት በእጄ ልስጥዎ? ቅዳሜ እሄዳለሁ። ተዉኝ።"

በዚህ መሐል ከትምህርት ቤቱ በኩል ደወል ተሰማ። ያው የደነዘዘ ድምፅ ነው።

ጓንጉል እሸቴን በመስኮት ጠራው። "ይኼ ደወል ድሮም እንዲህ ነው?"

"ኧረ ጌታዬ! ድሮማ እስከ ጋፋት ይሰማ ነበር። ከትናንት ጀምሮ ነው የተዘጋው። ብርዱ ሳይሰነጥቀው አይቀርም።"

ቸርኬ በብርድ አይሰነጠቅም። ጓንጉል ወደ ማሩ ዞረ። ማሩ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

* * *

አያ ጌጡ ቸርኬውን መትተው ጨርሰው እጃቸው ላይ ያለውን ድንጋይ አጥሩ ሥር ሲያኖሩ ጓንጉል ደረሰ። እሸቴን ጠመንጃውን አንግቶ ባሕር ዛፉ ሥር እንዲቆይ ነገረው።

"መምቻው ብረት የት ሄደ፣ አያ ጌጡ?"

"ጠፋብኝ።" ሽማግሌው አላዩትም። "ግባ፣ ብርድ ነው።"

የዘበኛው ጎጆ ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ነው። አንድ መደብ፣ አንድ እንስራ፣ ጥግ ላይ የገብስ ቆሎ በሰፌድ። አያ ጌጡ ሰፌዱን ወደ እንግዳው ገፋ አደረጉ። ጓንጉል አንድ ፍሬ አንስቶ ያዘ፣ አልበላውም።

"አገርዎ የት ነው?"

"ላይ ነው።" በአገጫቸው ወደ ጉና አመለከቱ።

"ልጅስ አለዎት?"

"አንድ ነበረኝ።"

"ሙላቴ።"

ሽማግሌው የዘገኑትን ቆሎ ወደ ሰፌዱ መለሱ። "መምህሩ ነገረህ?"

"አልነገረኝም። ነገ ወደ ጎንደር ይወስዱታል፣ እንኳን ሊነግረኝ!"

"ጎንደር? መምህሩን?" አያ ጌጡ ከመደቡ ተነሱ። "ጥያቄ ጠይቀው ይለቁታል አላሉም? እሱ ምን አደረገና!"

"እርስዎን ደበቀ።"

አያ ጌጡ እንደገና ተቀመጡ፣ ሲናገሩም መሬት መሬት እያዩ ነው።

"ልጄ ሞተ ብለው የነገሩኝ ጊዜ ልቅሶ ብዬ ወረድኩ። መንገድ ላይ ፖሊስ መለሰኝ። 'ሂድ ሽማግሌ፣ የሚለቀስበት የለም' አለኝ። የትኛው ፖሊስ እንደሆነ አላውቅም፣ ሁላችሁም ያው ካኪ ናችሁ።"

ጓንጉል የያዘውን የቆሎ ፍሬ ሰፌዱ ላይ አኖረ። እኔም እዚያ ነበርኩ አላለም።

"ከዚያ የሙላቴ አባት መሆኔን ሳልናገር እዚህ ዘበኛ ሆንኩ። መምህሩ ብቻ መልኬን አይቶ አወቀኝ። ሌላ የት ልሂድ? የሚሰለፍበት ሜዳ ይኸው ነው። ሴቶቹ በየካቲት ካዴት አየን ሲሉ እሰማለሁ። ለኔ ግን ታይቶኝ አያውቅም። ለምን ለኔ አይመጣም እያልኩ አምላኬን እጣላለሁ። ትናንት ብርዱ እንቅልፍ ነሳኝና ከወትሮዬ ቀድሜ ብረቱን ይዤ ወጣሁ። ባንዲራው ሥር ቆሟል። ኮቱ የልጄ ነው። ክርኑ ላይ እናቱ በበርኖስ ቁራጭ የጣፈችው አለ። ልጄ መጣ ብዬ ሮጥኩ።"

አያ ጌጡ መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት።

"ዞሮ ሲያየኝ ወርቁ ነው። 'አያ ጌጡ' አለኝና ተንበረከከ። የልጄን ስም የጠራ፣ ልጄን ያስበላ፣ የልጄን ልብስ ለብሶ! መቀለጃ ያደረገን መሰለኝ። ብረቱ እጄ ላይ ነበር።"

"ኮቱስ?"

ከመደቡ ሥር አወጡት። በንጹሕ ነጠላ ተጠቅልሏል። "ለእናቱ ልወስድላት ነበር። የምትቀብረው ነገር የላትም። ዓርማውን ግን ጨብጦ አልለቅም አለኝ።"

ጓንጉል ዓርማውን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋላቸው። ባያሳያቸው ይሻል ይሆን ብሎ አመነታ። ግን እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ዛሬ ባያዩት ነገ ከሌላ ሰው ይሰሙታል።

"በደንብ ይመልከቱት፣ አባቴ።"

ሽማግሌው ወደ በሩ ብርሃን ወጡ። ዓይናቸው ደክሟል፣ ጨርቁን አስጠግተው አራቁት። በአውራ ጣታቸው ተራራውን፣ ገብሱን ዳሰሱ። መድፉ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

"ይኼ ተዘቅዝቋል።"

"አዎ።"

"ማን ዘቀዘቀው?"

"ወርቁ። ስም የጠራው ተገርፎ ነው። ከዚያ ወዲህ የካቲት በመጣ ቁጥር በየንጋቱ ኮቱን ለብሶ ይቆም ነበር።"

"ለማን?" አሉ አያ ጌጡ። ለማን እንደሆነ አውቀውታል፤ ከሰው አፍ መስማት ነው የፈለጉት።

"ለሙላቴ።"

ሽማግሌው የበሩን መቃን ተደገፉ። ጠመንጃ ዘቅዝቀው አባታቸውን፣ ወንድሞቻቸውን ያለቀሱ ሰው ናቸው፤ ሌላ አስረጂ አላስፈለጋቸውም።

"አልቃሽ ነበር?" አሉ። "እኔ እንኳ ያላለቀስኩለትን... ልጄ በዚህ ከተማ አንድ አልቃሽ ነበረው፣ እሱንም እኔ ገደልኩት?"

ሽማግሌው ሲያለቅሱ ድምፅ አልነበራቸውም፤ አምስት ዓመት ሙሉ ድምፅ ሳያሰሙ ማልቀስን ለምደውታል።

በመጨረሻ ፊታቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና ብረቱን ከእንስራው ጀርባ አውጥተው ራሳቸው አስረከቡት።

"መምህሩን ልቀቁት" አሉ። "እጄንም እሰረው።"

"አላስርዎትም። አብረን እንሄዳለን።"

ኮቱን በነጠላው እንደተጠቀለለ ጓንጉል ብብቱ ሥር ያዘው። ብረቱና ዓርማው ለጉዳዩ ይበቃሉ። ኮቱ ደግሞ መምህር ማሩ ሲፈታ የሚያደርሰው አድራሻ አለው፤ ጉና ላይ አንዲት እናት ትጠብቃለች።

ሜዳውን ሲያቋርጡ አያ ጌጡ ባንዲራው ሥር ቆሙ። እሸቴን አዩት።

"ልጄ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። ወርቁ እዚህ አገር ዘመድ የለውም። ለኔም ልጅ ያለቀሰለት ሞቷል። ጠመንጃህን ዘቅዝቀውልኝ።"

እሸቴ የሚስቱን ሹራብ ለብሶ የሚቀልደው ሰው አልነበረም አሁን። ደንግጦ ጓንጉልን አየ። ልቅሶው የተከለከለ ነው፤ ክልከላው እስከ ዛሬ አልተነሳም። ጓንጉል ያንን የከተማ መግቢያ፣ ከጉና የወረዱትን ሰዎች፣ 'ሂድ ሽማግሌ' ያለበትን የራሱን ድምፅ አሰበ። ለእሸቴ አንገቱን ነቀነቀለት።

እሸቴ ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ አፈሙዙን ወደ ምድር አዞረ።

ሦስቱ በከተማው መሐል ሄዱ። ለገበያ የወጣው ሰው መጀመሪያ ሽማግሌውን አየ፣ ከዚያ ጠመንጃውን አየ። ድንች የተሸከሙ የጉና ሰዎች ሸክማቸውን አወረዱ። ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አነሱ። ማን ሞተ ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ እያንዳንዱ የየራሱ ሟች ነበረው።

ጣቢያው ደጃፍ ላይ ጓድ ሞላ ቆሞ ነበር። ፊቱ ተኮሳተረ።

"ጓድ መቶ አለቃ! ጠመንጃው ለምንድነው የተዘቀዘቀው?"

"እንዳይባርቅ ነው፣ ጓድ" አለ ጓንጉል። "ገዳዩን ይዣለሁ፤ አምኗል። መምህር ማሩ ይፈታል።"

ጓድ ሞላ መልሱን ሲያኘክ ማሩ ከውስጥ፣ ከተከፈተው በር አያቸው። አያ ጌጡን አየ። የእሸቴን ጠመንጃ አየ። እግሩን ገጥሞ፣ ክንዱን ቀጥ አድርጎ ቆመ፤ እንደዚያ እንደ ድሮው፣ ልጆቹ ፊቱ ያሉ ይመስል።

ከመንገዱ ማዶ፣ ጠላ ከምትነግደው ከዓለሚቱ ደጅ፣ አንዲት ሴት "ወርቁ!" ብላ ጮኸች። ከዚያ ከድንች ሸክሞቹ መሐል ሌላ ድምፅ "ሙላቴ!" አለ፣ ሌላው የሌላ ልጅ ስም ጠራ፣ ሌላው ደግሞ ሌላ።

በር ላይ የነበረ አንድ ወጣት ፖሊስ ዱላውን ይዞ ወደ ጓንጉል ዞረ። "ዝም ላሰኛቸው፣ ጌታዬ?"

"ተዋቸው" አለ ጓንጉል። "ያልቅሱ።"